የሰመር ኮሌጅ ቤዝቦል፦ ተጫዋቹም ቤተሰቡም ምን ይጠብቁ?

የአሜሪካ ኮሌጆች ቤዝቦል የሚጫወቱት በፀደይ ነው፤ ከፌብሩዋሪ እስከ ሜይ፣ ግፋ ቢል እስከ ጁን። ትምህርት ሲዘጋ ግን ጥሩ ተጫዋች ቤቱ አይቀመጥም። ጓንቱንና ሻንጣውን ይዞ ስሟን እንኳ ሰምቶ ወደማያውቃት ትንሽ ከተማ ይሄዳል፣ ከሌላ ኮሌጅ ከመጡ ልጆች ጋር ቡድን ይሠራል፣ ሰው ቤት ያድራል፣ በሳምንት አምስትና ስድስት ጨዋታ ይጫወታል። እስከ ኦገስት መጀመሪያ ወይም አጋማሽ ድረስ ኑሮው ይኸው ነው። ደመወዝ የለም። የኮሌጅ ተጫዋች ለመጫወት ደመወዝ ከተቀበለ ለኮሌጁ የመሰለፍ መብቱን ሊያጣ ስለሚችል ሊጎቹ በሙሉ የአማተር ናቸው።

ከሁሉም ስሙ የገነነው የኬፕ ኮድ ሊግ ነው። ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ባሕር በከበባቸው ትንንሽ ከተሞች፣ አሥር ቡድኖች አሉት። ሊጉ የተመሠረተው በ1923 ነው። ለመግባት ቲኬት አያስፈልግም፤ መዋጮ ይሰበሰባል፣ የቻለ ይሰጣል። ኦርሊንስ የሚገኘው ኤልድሬጅ ፓርክ በጠዋት ብትሄዱ ሜዳው ባዶ ሆኖ ዳገቱ ላይ ወንበርና ብርድ ልብስ ተደርድሮ ታያላችሁ። የሰፈሩ ሰው ለማታው ጨዋታ ቦታ ይዞ ወደ ሥራው ሄዷል፣ ዕቃውን የሚነካበት የለም። ቻተም ላይ ደግሞ ጭጋግ ከባሕር ይነሳና ኳሷ አልታይ ስትል ጨዋታው ይቆማል።

ከዚህ ሊግ ከ1,000 በላይ ተጫዋቾች የአሜሪካ ከፍተኛው የፕሮፌሽናል ቤዝቦል ሊግ ወደሆነው ሜጀር ሊግ ገብተዋል። ዝነኛው መቺ አሮን ጃጅ በ2012 ከአሥሩ ቡድኖች አንዱ ለሆነው ለብሩስተር ተጫውቷል። የፒቸሩ (የኳስ ወርዋሪው) የክሪስ ሴል ታሪክ ግን ለወላጅ የበለጠ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። የመጣው በቤዝቦል ብዙም ከማይታወቀው ፍሎሪዳ ገልፍ ኮስት ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2009 እዚያው ሊግ ውስጥ ላለው ለያርማውዝ ዴኒስ ወረወረ፣ በ2010 የሜጀር ሊግ ቡድኑ ቺካጎ ዋይት ሶክስ በድራፍቱ (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት) የመጀመሪያ ዙር መረጠው፣ በዚያው ዓመት ሜጀር ሊግ ላይ ወረወረ። የልጃችሁ ኮሌጅ ስም የሌለው ቢሆን እንኳ ሰመር ላይ የሚያየው ሰው አለ።

ለሜጀር ሊግ ቡድኖች ተጫዋች የሚፈልጉት መልማዮች ሰመር ላይ የሚመጡበት ትልቁ ምክንያት ዱላው ነው። በኮሌጅ የሚመታው በብረት ወይም በሌላ ሠራሽ ዱላ ነው፤ ሜጀር ሊግ ግን እንጨት ብቻ ነው። ኬፕ ኮድ በ1985 ወደ እንጨት ተመለሰ፣ ዛሬ አብዛኞቹ ትልልቅ የሰመር ሊጎች በእንጨት ነው የሚጫወቱት። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በብረት ዱላ ኳሷ እጀታው አጠገብ ብታርፍም አንዳንዴ ወደ ሜዳው ትወድቅና ልጁ ሮጦ ቤዝ (ሯጩ የሚደርስባትን ማረፊያ) ይይዛል። በእንጨት ግን ያቺው ኳስ ዱላውን ለሁለት ትሰብረዋለች፣ ልጁ እጁን እያራገፈ ቁራጩን ይዞ ይቀራል። ስለዚህ በፀደይ ከአሥር ሙከራ ሦስቱን መትቶ ቤዝ ይይዝ የነበረ ልጅ ጁን ላይ ከአሥር ሁለቱን ማግኘት ቢያቅተው አትደንግጡ። ብዙዎች ላይ የሚደርስ ነገር ነው። በዚያ ላይ እዚያ የሚገጥመው ፒቸር የየኮሌጁ ምርጥ ነው። ወላጅ በየማታው ደውሎ "ዛሬ ስንት መታህ?" ማለቱን ቢተው ለልጁ ትልቅ እረፍት ነው።

አሁን ብዙ ቤተሰብ ሳያውቅ ገብቶ ወደሚያዝንበት ጉዳይ ልምጣ። ውል ሁለት ዓይነት ነው፦ የሙሉ ሰመርና ጊዜያዊ። ሰመሩ ሲጀምር የጠንካራ ኮሌጆች ልጆች ገና በፀደዩ ማጣሪያ ላይ ናቸው፣ የመጨረሻዎቹ ጁን ላይ ኦማሃ፣ ነብራስካ፣ ለኮሌጅ ወርልድ ሲሪስ (ለአሜሪካ ኮሌጆች የመጨረሻ ውድድር) ይጫወታሉ። እነሱ እስኪደርሱ ቦታቸውን የሚሸፍኑ ልጆች በጊዜያዊ ውል ይመጣሉ። ባለቦታው ሲደርስ ጊዜያዊው ልጅ ሊሸኝ ይችላል፣ ያውም በአንድ ቀን ማስታወቂያ። ደህና ተጫውቶ የሚቀርም አለ፣ ግን ቃል የገባለት የለም። ስለዚህ ልጁ ሳይፈርም ውሉ የቱ እንደሆነ በግልጽ ይጠይቅ፣ የመመለሻ ትኬትም የሚቀየር ዓይነት ይቁረጥ። ቡድኑ ሰመሩን ሙሉ ይለዋወጣል፤ አንዱ ይጎዳል፣ አንዱ ጁላይ ላይ በድራፍት ተመርጦ ይፈርማል፣ አንዱን ኮሌጁ "ይበቃሃል" ብሎ ይጠራዋል። በተለይ ፒቸሮች ስንት ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) እንደሚወረውሩ የኮሌጁ አሰልጣኝ አስቀድሞ ሊወስን ይችላል፣ የሰመሩ አሰልጣኝም ያንን ያከብራል። ልጃችሁን ለማየት ስምንት ሰዓት ነድታችሁ ሄዳችሁ የማይወረውርበት ቀን እንዳይሆን ቀድማችሁ ጠይቁ።

መኖሪያው ብዙውን ጊዜ አስተናጋጅ ቤተሰብ ቤት ነው። የከተማው ሰዎች በፈቃዳቸው አንድ ወይም ሁለት ልጅ ይቀበላሉ፣ ክፍል ይሰጣሉ፣ ፍሪጃቸውን ይከፍታሉ፣ ጨዋታ ላይ ስሙን ጠርተው ያበረታቱታል። ወዳጅነቱ ለዓመታት የሚዘልቅበት ጊዜ አለ። ልጁ አልጋውን ያንጥፍ፣ ሲያመሽ ይናገር፣ ሳህኑን ይጠብ። የኛ ልጆች ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ የሐዋርያት ጾም ሰመር ላይ ነው የሚውለው፣ ፍልሰታም ኦገስት 7 ይገባል፣ ያውም የማጣሪያ ጨዋታዎች በሚካሄዱበት ሰሞን። የሚጾም ልጅ ገና ከመሄዱ በፊት ለአስተናጋጆቹ ቢነግራቸው እነሱም አይቸገሩም፣ እሱም ከጨዋታ በኋላ የሚመጣውን ፒዛ እያየ አይራብም። የሚጠነቀቁ ቤተሰቦች ሲነገራቸው ደስ ይላቸዋል።

ገንዘቡ እንደ ሊጉ ይለያያል። አንዳንዱ ተጫዋቹን ምንም አያስከፍልም፣ አንዳንዱ ክፍያ ይጠይቃል። ትራንስፖርት፣ የኪስ ገንዘብና አንዳንዴም የሚሰበረው ዱላ ምትክ ግን ቤተሰብ ላይ የሚወድቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ሰመር ሠርቶ የትምህርት ወጪውን የሚሸፍን ልጅ ካላችሁ ይህን ቁጭ ብላችሁ አስሉት።

ሊጎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። በ1994 የተጀመረው ኖርዝውድስ ሊግ ዊስኮንሲንና ሚኒሶታን በመሳሰሉ ስቴቶች ከ70 በላይ ጨዋታ ያጫውታል፣ ረጅም የአውቶቡስ ጉዞ አለው፣ ተመልካቹም ብዙ ነው። የፕሮፌሽናል ኑሮ ምን እንደሚመስል ለመቅመስ ከዚህ የሚሻል ያለ አይመስለኝም። ታዋቂው ፒቸር ማክስ ሸርዘር በ2004 ላክሮስ በምትባለው የዊስኮንሲን ከተማ ቡድን ተጫውቷል። አላስካ ፌርባንክስ ደግሞ ከ1906 ጀምሮ በጁን ረጅሙ ቀን ማታ የሚጀመር ጨዋታ አለ፤ ፀሐይዋ ስለማትጨልም መብራት አያበሩም።

ለዲሲ አካባቢ ሰው ቅርቡ የካል ሪፕከን ኮሌጂየት ሊግ ነው። ቤተዝዳ ቢግ ትሬን ካቢን ጆን ፓርክ ውስጥ ይጫወታል፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያም ቡድን ይዘው ተጫውተውበታል፣ ሁለቱም የሐበሻ ሰፈር ናቸው። ቤዝቦል የጀመረ ትንሽ ልጅ ያላችሁ አንድ ማታ ይዛችሁት ሂዱ። ተጫዋቾቹ አጥሩ ጋ መጥተው ያወራሉ፣ ኳስ ይፈርማሉ፣ ሕፃናት ማሠልጠንም የብዙዎቹ ቡድኖች የሰመር ሥራ ነው።

ሊግ ሲመረጥ ስም አትከተሉ። ኬፕ ኮድ ሄዶ ቤንች ላይ ከሚቀመጥ፣ አነስ ያለ ሊግ ገብቶ በየቀኑ የሚሰለፍ ልጅ ይሻላል፤ በተለይ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ። ብዙውን ጊዜ ቦታውን የሚያገናኘው የኮሌጁ አሰልጣኝ ነው፣ የሚያዘውም ከመኸር ጀምሮ ስለሆነ ሜይ ላይ መጠየቅ ዘግይቷል። ኦገስት ላይ ሲመለስ ክንዱ ደክሞ፣ ክብደቱ ቀንሶ ሊሆን ይችላል፤ ትምህርት እስኪከፈት ያሉትን ሳምንታት ሌላ ካምፕ አትመዝግቡት፣ ይተኛ፣ ይብላ።