ሊቋን ራማባይን ወደ ክርስቶስ ያቀረባት ምሕረት

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4 የተጻፈውን የሳምራዊቷን ሴት ታሪክ ብዙዎቻችን ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ እናውቀዋለን። ይህ ምዕራፍ በአንዲት የሂንዱ ሊቅ ልብ ውስጥ የሠራውን ሳስብ ግን፣ በእኛ በለመድነው ዘንድ ፍሬው ለምን እንዲህ አነሰ እያልሁ አዝናለሁ።

ፓንዲታ ራማባይ እ.ኤ.አ. በ1858 በደቡብ ምዕራብ ሕንድ ብራህሚን ከሚባለው የሂንዱ ካህናት ወገን ተወለደች። አባቷ አናንት ሻስትሪ ዶንግሬ፣ የሂንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት የተጻፉበትን ጥንታዊ ቋንቋ ሳንስክሪትን ለሴት ማስተማር እንደ ነውር በሚቆጠርበት ዘመን ሚስቱን አስተማረ፤ እናቲቱም በተራዋ ለልጇ አስተማረች። ቤተሰቡ ከአንዱ ቅዱስ ስፍራ ወደ ሌላው እየተጓዘ ፑራና የሚባሉትን የሂንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ለሕዝብ በማንበብ ይኖር ነበር። በ1870ዎቹ በደረሰው ረኀብ አባቷን፣ እናቷንና እኅቷን አጣች። ከወንድሟ ጋር አገር ለአገር በእግሯ ተንከራትታ በ1878 ካልካታ ስትደርስ፣ የከተማዋ ሊቃውንት እውቀቷን መርምረው «ፓንዲታ» (ሊቅ ሴት) እና «ሳራስቫቲ» (የሂንዱ የእውቀት አምላክ ስም) የሚሉትን የክብር ስሞች ሰጧት።

ያ ሁሉ እውቀት ግን ዕረፍት አልሰጣትም። ያነበበቻቸው መጻሕፍት በብዙ ነገር ቢለያዩም፣ ሴት ክፉ ናት፣ ባሏንም እንደ አምላክ ካላመለከች በቀር ተስፋ የላትም በሚለው አንድ ሆነው እንዳገኘቻቸው በኋላ በጻፈችው ምስክርነቷ ትናገራለች። እርሷ ራሷ ካገባች ሁለት ዓመት ሳይሞላት ባሏ ሞቶ፣ ጨቅላ ልጅ ታቅፋ መበለት ሆናለች። በ1887 የከፍተኛውን ዘር የሂንዱ ሴት ኑሮ ለዓለም የገለጠችበት መጽሐፍ የወጣው ከዚህ ሁሉ ሥቃይ በኋላ ነው።

በ1883 ወደ እንግሊዝ አገር ሄደች። ያስጠጓት፣ ዋንቴጅ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ የሚኖሩ ሴት መነኮሳት ለንደን ውስጥ ፉላም በተባለ ሰፈር ወደሚገኘው ቤታቸው ላኳት፤ በዚያም እኅቶች ከዝሙት ሕይወት የወጡ ሴቶችን በፍቅር ሲንከባከቡ አየች። በአገሯ እንዲህ ያለ ነገር አይታም ሰምታም ስለማታውቅ፣ ክርስቲያኖች ለእነዚህ ሴቶች እንዲራሩ የሚያደርጋቸው ምን እንደሆነ ጠየቀች። መነኩሲቲቱም የሳምራዊቷን ሴት ታሪክ አነበበችላት። እንደ እርሷ ከብራህሚን ወገን የመጣው የካህኑ የነህምያ ጎሬህ ጽሑፍም አእምሮዋን ረድቷታል፤ ልቧን የከፈተው ግን ያ ምዕራፍ ነበር፤ ምዕራፉንም አስቀድማ በሰዎች ኑሮ አይታዋለች። በዚያው ዓመት ተጠመቀች።

ወገኖቼ፣ ራማባይ ዛሬ ወደ እኛ ጉባኤ ብትመጣ ምን ታያለች? አንዲት እኅት ስትወድቅ ከመዘምራን ትወገዳለች፤ ስሟም «እንጸልይላት» በሚል ሽፋን ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ከዓረብ አገር ልጅ ታቅፋ የተመለሰች እኅት ደጃችን ስትቆም የልጁን አባት ማንነት እንጠይቃታለን እንጂ የት አደርሽ፣ ምን በላሽ አንላትም። ኃጢአት ኃጢአት ሊባል እንደሚገባው አልክድም፤ ጌታም ለሳምራዊቷ የአምስቱን ባሎች ነገር አልሸሸገላትም። ነገር ግን አስቀድሞ «ውኃ አጠጪኝ» ብሎ ከእጇ ለመነ፣ የሕይወትንም ውኃ አቀረበላት፤ ስለ ባሎቿ የተናገረው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ቅደም ተከተሉን ገልብጠነዋል፤ ብዙ ጊዜም ውኃውን ሳናቀርብ እንለያያለን። ከሴት ጋር በመነጋገሩ የተደነቁት ደቀ መዛሙርት እንኳ «ስለ ምን ትናገራታለህ?» አላሉትም። እኛ ግን እንላለን።

ራማባይ ያየችውን አልረሳችም። በ1896 እና በ1897 በመካከለኛው ሕንድ ረኀብ በገባ ጊዜ ራሷ ሄዳ መበለቶችንና ወላጅ አልባ ልጃገረዶችን ሰበሰበች፤ በፑና አቅራቢያ በኬድጋኦን ባቋቋመችው ሙክቲ በተባለው መንደር በ1900 ገደማ ወደ 2,000 የሚጠጉ ነፍሳት ተጠልለዋል። በዚያም ለወደቁ ሴቶች «የምሕረት ቤት» የተባለ መጠለያ ለየችላቸው። ዕብራይስጥና ግሪክ ተምራ መጽሐፍ ቅዱስን ያልተማረች የገጠር ሴት በምታስተውለው የማራቲ ቋንቋ ተረጎመች፤ ፊደሉን ለቅመው ያተሙትም የሙክቲ ሴቶች ናቸው። ትርጉሙን ፈጽማ በሚያዝያ 1922 አረፈች።

ይህች ሴት ከተጠመቀች ከስምንት ዓመት በኋላ፣ የክርስትናን ሃይማኖት እንጂ የሃይማኖቱን ሕይወት ክርስቶስን ገና እንዳላገኘች አወቀች፤ ይህንንም ሳታፍር ጻፈችው። እኛስ ስንት ዓመታችን ነው? ሐዋርያው ያዕቆብ ንጹሕ አምልኮ ወላጅ የሌላቸውን ልጆችና ባልቴቶችን በመከራቸው መጠየቅ ነው ሲል፣ ዝማሬያችንንና ስብከታችንን በምን ሊመዝነው ነው?

ሽማግሌዎች ሆይ፣ የእኅታችሁን የቅጣት ደብዳቤ ከመፈረማችሁ በፊት ቤቷ ሄዳችሁ አብራችኋት ተቀመጡ፣ ቀለብ እንዳላትም እዩ። እናቶች ሆይ፣ የወለደችው ያለ ባል ቢሆንም አራስ ናትና፣ ለሌላዋ እንደምታደርጉት ሁሉ ገንፎውን ይዛችሁ ሂዱላት።