ኦርኪድ በባሕር ዳር፦ ለጀማሪ የሚሆን የቤት ውስጥ እንክብካቤ

ኦርኪድ በዓለም ላይ 28,000 ያህል ዝርያዎች ያሉት ሰፊ የአበባ ቤተሰብ ነው። ኬክ ውስጥ የምንጨምረው ቫኒላም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ለቤት ተብሎ የሚሸጠው ግን በአብዛኛው ፋላኖፕሲስ የሚባለው ነው። ወፍራምና ሰፋፊ ቅጠል፣ ረጅም የአበባ ዘንግና ቢራቢሮ የሚመስል አበባ አለው። ዘሩ ከእስያ ሞቃት ደኖች የመጣ ነው።

ለአገራችን ግን ኦርኪድ እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ160 በላይ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ብዙዎቹ መሬት ላይ፣ ሌሎቹ ዛፍ ላይ ይበቅላሉ። ከዛፍ ላይ ካሉት አንዱ ኤራንጊስ ብራኪካርፓ ነው። አበባው ነጭ ኮከብ ይመስላል። ሽታው የሚያውደው ሲመሽ ነው፤ የሚጠብቀው የሌሊት የእሳት ራት ነውና። ዛፍ ላይ ስለሚኖሩ ብዙ ሰው ጥገኛ ይመስሉታል። አይደሉም። እንደ ተቀጽላ የዛፉን ምግብ አይመጥጡም፤ ቅርፊቱን መቆሚያ ብቻ ያደርጉታል።

እንዲህ ላለ ተክል ያረጀ ዛፍ ያስፈልገዋል። የጣና ዳር ሰው ደግሞ ዛፍ ማቆየት ያውቅበታል። በትውፊት እንደሚነገረው አቡነ በትረ ማርያም የዘጌ ሕዝብ ሳያርስና ከብት ሳያረባ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ እንዲኖር ቃል ኪዳን ተቀብለውለታል። ደኑ እስከ ዛሬ ለመቆሙ ይህ እምነትና ገዳማቱ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ለእኛ አዲስ ወሬ አልነበረም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከጫካ ኦርኪድ ነቅሎ ወደ ቤት ማምጣት ነውር ነው። ተክሉም ሳሎን ውስጥ ብዙ አይከርምም። ችግኝ ተባዝቶ የሚሸጠውን መግዛት ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ውኃው እንምጣ። ጀማሪ እጅ ላይ የሚሞት ኦርኪድ በአብዛኛው የሚሞተው በውኃ ብዛት ነው። ሥሩ ስፖንጅ የሚመስል ሽፋን አለው። ውኃ ሲጠጣ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሲደርቅ ወደ ብርማ ግራጫ ይለወጣል። የማጠጫ ሰዓቱን የሚነግረን ይኸው ቀለም ነው። አረንጓዴ ከሆነ ተዉት። ግራጫ ሲሆን በደንብ አጠጡትና ውኃው ሙሉ በሙሉ ይንጠፍ። በበጋ በሳምንት አንዴ ገደማ ይሆናል። ከሰኔ እስከ መስከረም አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ አሥር ቀንም ሊቆይ ይችላል። በክረምት ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ በሳፋ መያዝ ጥሩ ነው። መጀመሪያ የሚወርደው አቧራ ስላለበት ይፍሰስ፣ ከዚያ ያለው ይያዝ። ኦርኪድ ጨው የሌለበትን የዝናብ ውኃ ይወዳል። ማጠጣት ጠዋት ነው። ቅጠሎቹ በሚገናኙበት መሐል ላይ ውኃ ካደረ ይበሰብሳል፤ በጥጥ ወይም በሶፍት ማድረቅ ነው።

አፈር ውስጥ አይተከልም። ሥሩ አየር ይፈልጋል። የዛፍ ቅርፊት፣ ስብርባሪ ከሰልና ቀዳዳ ያለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተቀላቅሎ ይሠራል። ለማሰሮ የሃይላንድ ፕላስቲክ ቆርጦ ከሥርም ከጎንም መብሳት ይበቃል። ሥሩ በውጭ ስለሚታይ ለጀማሪ እንዲያውም ከሸክላ ይመረጣል።

ለብርሃን በምሥራቅ መስኮት የሚገባው የጠዋት ፀሐይ በቂ ነው። የቀትር ፀሐይ ቅጠሉን ያቃጥላል።

በሙቀት በኩል ከተማችን የታደለች ናት። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ፋላኖፕሲስ አዲስ የአበባ ዘንግ የሚያወጣው ለሳምንታት ቀዝቀዝ ሲለው ነው። ዓመቱን ሙሉ በሚሞቅ ቆላ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል። ግን ብርዱም ልክ አለው፤ ከ15 ዲግሪ በታች ብዙ ሌሊት ማደር የለበትም። በታኅሣሥና በጥር ከመስኮቱ ራቅ አድርጉት፣ በረንዳ ላይም አይደር።

እምቡጡ ሳይፈነዳ ቢረግፍ ማንጎውን እዩ። የሚበስል ማንጎና ሙዝ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ እምቡጥ የሚያረግፈው እሱ ነው። የከሰል ጭስም እንደዚያው ያደርጋል። ስለዚህ ቡና የሚፈላበት ጥግና የፍራፍሬው ሳህን ከኦርኪዱ ራቅ ይበሉ።

ከተመቸው አበባው ሁለትና ሦስት ወር ይቆያል። ሲረግፍ ዘንጉ አረንጓዴ ከሆነ ከታች ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው አንጓ በላይ በእሳት በተለበለበ መቀስ ይቆረጣል። ብዙ ጊዜ ከዚያው አንጓ ቅርንጫፍ ያወጣል። ዘንጉ ከደረቀ ግን ከሥሩ ይቆረጥ። ማሰሮው ውስጥ ያለው ቅርፊት በሁለት ዓመት ገደማ ይበሰብሳል፤ ያኔ ይቀየራል፤ የበሰበሰ ሥር ካለም አብሮ ይወገዳል።