ዩቶፒያ፦ በካርታ ላይ የሌለች ደሴት ታሪክና አስተዳደር

ዩቶፒያ እንግሊዛዊው የሕግ ሰው ቶማስ ሞር በላቲን ጽፎ በ1516 እ.ኤ.አ. በሉቬን ባሳተመው መጽሐፍ የፈጠራት ደሴት ናት። ስሟ ከግሪክኛ ቃላት የተበጀ ሲሆን «የትም የሌለ ስፍራ» ማለት ነው። ስለ እርሷ የሚተርከው ራፋኤል ሂትሎዴይ የተባለው መንገደኛም ራሱ የፈጠራ ሰው ነው።

አገሪቱ ቀድሞ አብራክሳ ትባል ነበር፤ ከዋናው ምድር ጋርም የተያያዘች ነበረች። ንጉሥ ኡቶፐስ ድል አድርጎ ከያዛት በኋላ 15 ማይል የሚሆነውን መገናኛ አስቆፍሮ ባሕር አስገባበት። የተሸነፉት ነዋሪዎች ሥራውን እንደ ውርደት እንዳይቆጥሩት የገዛ ወታደሮቹንም አብረው እንዲቆፍሩ አደረገ።

ደሴቲቱ 54 ከተሞች አሏት፤ ዋናዋ አማውሮት ናት። በየከተማው እያንዳንዱ የ30 ቤተሰቦች ቡድን በየዓመቱ ሲፎግራንት የሚባል አለቃ ይመርጣል። የከተማው 200 ሲፎግራንቶች ደግሞ ሕዝቡ ካቀረባቸው አራት ዕጩዎች መካከል የከተማውን ገዢ በምስጢር ድምፅ ይሰይማሉ። ገዢው አምባገነን ለመሆን ማሰቡ ካልተጠረጠረ በቀር ዕድሜውን ሙሉ ይሾማል። በሸንጎው አንድ ጉዳይ በቀረበበት ቀን ክርክር አይደረግበትም፤ ሰው በችኮላ የተናገረውን ለማስተባበል ሲል ብቻ የአገርን ጥቅም እንዳይጎዳ የታሰበ ነው። ይህ ሥርዓት በየትኛውም እውነተኛ ምክር ቤት ቢኖር መልካም ነው እላለሁ።

የግል ሀብት የለም። ሥራ በቀን ስድስት ሰዓት ነው። ቤት በየአሥር ዓመቱ በዕጣ ይለዋወጣል። ወርቅ የሽንት ዕቃና የባሪያ ሰንሰለት ይሠራበታል፤ አኔሞሊያ ከተባለች ሌላ አገር የመጡ መልእክተኞች ወርቅ አጥልቀው ሲገቡ ሕዝቡ ባሮች መስለውት ከነርሱ ይልቅ ተራ ልብስ ለለበሱት አገልጋዮች እጅ ነሣ።

ባርነት መኖሩ ግን ሊታለፍ አይገባም። የጦር ምርኮኞች፣ ወንጀለኞችና ከውጭ አገር የሞት ፍርደኞች መካከል የተገዙ ሰዎች በሰንሰለት ታስረው ይሠራሉ። ያለ ፈቃድ ከአውራጃው ደጋግሞ የወጣ ዜጋም ባሪያ ይሆናል። ከሸንጎና ከጉባኤ ውጭ ስለ መንግሥት ጉዳይ መምከር በሞት ያስቀጣል። እኩልነትን ይህን ያህል ያሰበ ሥርዓት ሰው ከጎረቤቱ ጋር ስለ አገሩ እንዳይነጋገር መከልከሉ ያሳዝነኛል።

ደሴቲቱ በየትኛው ባሕር እንዳለች አይታወቅም። ከመጽሐፉ ጋር በታተመ ደብዳቤ እንደተነገረው፣ ራፋኤል ቦታውን ሲናገር ከተሰበሰቡት አንዱ ጮክ ብሎ ስላሳለ ቃሉ ሳይሰማ ቀረ።