ሰው ወደ ፒፓ የሚሳበው በምንድን ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ፒፓ የሚያጨስ ሰው ዛሬ ብርቅ ነው። አንድ ሰው ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሲጋራ ቢለኩስ ብዙም ልብ የሚለው የለም። ፒፓ ቢያወጣ ግን በዙሪያው ያለው ሁሉ ዞር ብሎ ያየዋል። ፒፓ የጀመሩ ሰዎችን ምን እንደሳባቸው ስጠይቅ መልሳቸው ተመሳሳይ ነው፤ ግርማ ሞገሱ፣ ሽታው፣ እርጋታው። ከዚያ ቀጥሎ «ይኼ እኮ እንደ ሲጋራ አይጎዳም» ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ውስጥ እውነትም ስህተትም ተቀላቅሏል። የመጨረሻው ግን ሰው የሚያሳጣ ስህተት ነው። በየተራ እንያቸው። (ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ፒፓ የምሁርና የአሳቢ ሰው ነገር ነው»

ብዙ ወጣት በዚህ በኩል ነው የሚገባው። ምስሉ የመጣው ከታዋቂ ሰዎች ፎቶ ነው። ከእነሱ አንዱ አልበርት አንስታይን ነው። በ1950 የሞንትሪያል ፒፓ አጫሾች ክበብ የዕድሜ ልክ አባል ሲያደርገው፣ ፒፓ ሰው በነገሮች ላይ ረጋ ያለና ሚዛናዊ ፍርድ እንዲሰጥ ያግዛል የሚል ሐሳብ ጻፈላቸው። ፒፓ ወዳዶች ይህን ንግግር እስከ ዛሬ ይጠቅሱታል።

ግን ፒፓ ከጆሴፍ ስታሊን አፍም አይጠፋም ነበር። ሚዛናዊ ፍርድ ከፒፓ የሚገኝ ቢሆን ኖሮ የሶቪየት ሕዝብ ያንን ሁሉ መከራ ባላየ ነበር። የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ዊልሰንም አለ። በ1965 በአገሩ «የዓመቱ ፒፓ አጫሽ» ተብሎ ተሸልሟል። በቅርብ የሚያውቁት ሰዎች እንደተናገሩት ግን ካሜራ በሌለበት የሚመርጠው ሲጋር ነበር። ፒፓው ሕዝብ ፊት ረጋ ያለና የሚታመን ሰው መስሎ እንዲታይ ረድቶታል። ሽልማቱ ራሱ የትምባሆ ማስታወቂያ ሕግ ሲጠብቅ በ2004 ቀርቷል። መርማሪው ሸርሎክ ሆምስ ከአፉ የሚያንጠለጥለው ያ ትልቅ ቆልማማ ፒፓም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ታሪኮች ውስጥ የለም። እዚያ የሚያጨሰው የሸክላ፣ የብራየር ሥር (ብራየር ኋላ የምመጣበት እንጨት ነው) ወይም የቼሪ እንጨት ፒፓ ነው። ቆልማማው የመጣው ከመድረክና ከፊልም ነው።

ለብዙ ዘመን ፒፓ የተራ ሰው ዕቃ ነበር። አውሮፓ ውስጥ መርከበኛውና ወዛደሩ በርካሽ የሸክላ ፒፓ ያጨስ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ገበሬው ፍሬው ከተፈለፈለ የበቆሎ ቆረቆንዳ ፒፓ ይሠራ ነበር። በሚዙሪ ግዛት ዋሽንግተን በምትባል ትንሽ ከተማ ከ1869 ጀምሮ የቆረቆንዳ ፒፓ የሚያመርት ድርጅት አለ፤ ዛሬም ይሠራል። የአሜሪካው ጄኔራል ዳግላስ ማክአርተር በየፎቶው ላይ የሚይዘው የቆረቆንዳ ፒፓ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ፒፓ የምሁር ምልክት የሆነው ሲጋራ ከተስፋፋ በኋላ ነው። ጥድፊያ ላይ ያለው ሕዝብ ወደ ሲጋራ ሄደ። ፒፓ ቁጭ ብሎ ለማጨስ ጊዜ ካለው ሰው ጋር ቀረ።

«ፒፓ የፈረንጅ ነገር ነው»

ይህን የሚል ሰው ጋያን ረስቷል። ከቅል የሚሠራ፣ በውስጡ ውሃ ያለው፣ ከላዩ ትምባሆ የሚቀመጥበት የሸክላ ራስ የተሰካበት፣ በገጠር ከትውልድ ወደ ትውልድ የኖረ ዕቃ ነው። ፒፓ የሚለውን ቃል ከማወቃችን በፊት ጋያ የሚስቡ አያቶች ነበሩን።

ነገሩ ከትምባሆም ይቀድማል። ትምባሆ የአሜሪካ ተክል ነው፤ ወደ ቀረው ዓለም የወጣው ከኮሎምበስ ጉዞ በኋላ ነው። ጣና ሐይቅ አካባቢ ላሊበላ ዋሻ በሚባል ቦታ ግን አርኪዮሎጂስቶች የሸክላ ጋያ ራሶች አግኝተዋል። (ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጋር አይምታታብን።) ራሶቹ ሲመረመሩ የካናቢስ ቅሪት ተገኘባቸው። ዕድሜያቸውም ወደ 14ኛው ክፍለ ዘመን ግድም ተገምቷል። ማለትም ትምባሆ ገና ሳይመጣ እዚህ አገር ጭስ በውሃ የሚስብ ሰው ነበር።

ተቃውሞውም የቆየ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን አጥብቀው ከልክለው ነበር። ያጨሰ ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ አፍንጫው ይቆረጥ እንደነበር ተጽፏል። ቤተ ክርስቲያንም ትምባሆን ስታወግዝ ኖራለች። ዛሬ አንድ የደጋ ሽማግሌ ፒፓ ሲያዩ ፊታቸውን ቢያዞሩ ይህ የረጅም ዘመን ታሪክ ከኋላቸው ስላለ ነው።

ሌላም የሚገርመኝ ዝምድና አለ። ሰሜን ተራሮች ወይም ባሌ የወጣ ሰው አስታ የሚባለውን ዛፍ ያውቀዋል። ቅጠሉ ደቃቅ ነው፤ ከቅርንጫፉ ላይ ሽበት የመሰለ ነገር ይንጠለጠላል። የአውሮፓ ምርጥ ፒፓዎች የሚሠሩበት ብራየር የሚባለው እንጨት የሚገኘው ከዚሁ ከአስታ ዝርያ ነው። እዚያ የሚቆረጠው በሜድትራኒያን ባሕር ዙሪያ፣ በኮርሲካ፣ በካላብሪያ፣ በግሪክ የሚበቅለው ነው። የሚፈለገው ግንዱ አይደለም፤ በግንዱና በሥሩ መካከል ያለው ያበጠ ጉብታ ነው። ይህ ክፍል ጠንካራ ነው፣ እሳት ቶሎ አይበላውም። ቆርጠው ለሰዓታት ይቀቅሉታል፤ ከዚያ ለወራት ያደርቁታል። የፈረንሳይዋ ሴን ክሎድ ከተማ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በዚህ ሥራ ነው የታወቀችው። አንዳንዱ ሰው ወደ ፒፓ የሚሳበው በትምባሆው አይደለም፤ በዚህ እንጨት ነው። የደረቀውን ቆርጠው ሲያለሰልሱት የሚወጣው የነበልባል ቅርጽ ያለው መስመር ዓይን ይይዛል። ፒፓ ሰብስበው አንዱንም ለኩሰው የማያውቁ ሰዎች አሉ።

«የወንድ ነገር ነው»

አይደለም። በጋምቤላ የአኝዋክና የኑዌር ሴቶች ፒፓ ማጨሳቸው ማንንም አያስደንቅም። በድሮው የአየርላንድ ገጠርም አሮጊቶች የሸክላ ፒፓቸውን ይዘው ደጃፍ ላይ ይቀመጡ ነበር።

«ጣዕሙ እንደ ሽታው ነው»

አንድ ሰው አጎቱ ሲያጨሱ ቫኒላና ቼሪ የሚሸት ጭስ ያስታውሳል፤ ያንን ፍለጋ ራሱ ይለኩሳል። ብዙ ጀማሪ የሚያዝነው እዚህ ላይ ነው። ጣፋጩ ሽታ የሚደርሰው ለአጠገብ ተቀማጭ ነው። አጫሹ ራሱ የሚቀምሰው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ሽሮፕ የተጨመረበት ትምባሆ እርጥብ ስለሆነ እየጠፋ ያስቸግራል። ሰውየውም እንዳይጠፋ ብሎ ቶሎ ቶሎ ይስባል። በዚህ ጊዜ ምላሱ ይለበለባል። ጣዕም ፈላጊዎች የሚወዱት ላታኪያ የሚባለው የትምባሆ ዓይነት ደግሞ ቅጠሉ በእንጨት ጭስ የታጠነ ነው። ለአጠገብ ተቀማጭ ጭስ ቤት እንጂ ኬክ ቤት አይሸትም።

በእኛ አገር ይህ ሌላ መልክም አለው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ጣዕም የተጨመረበት ትምባሆ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ማንኛውንም ትምባሆ መሸጥም አይፈቀድም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ልጆችን መጀመሪያ የሚስባቸው ጣፋጩ ሽታ ነው።

«ሰው ፒፓ የሚይዘው ለኒኮቲኑ ብቻ ነው»

ኒኮቲኑ አለ፤ እመለስበታለሁ። ሰውን መጀመሪያ የሚይዘው ግን የእጅ ሥራው ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ የማውቃቸው አዛውንት አሉ። ፒፓቸውን ሲሞሉ ወሬ ያቆማሉ። ትምባሆውን በጣቶቻቸው ፈታ ፈታ ያደርጉታል። የመጀመሪያውን ቁንጥር ብቻውን እንዲወድቅ ይተዉታል፤ ጣታቸውን ብዙም አያሳርፉበትም። ሁለተኛውን ትንሽ ጫን ያደርጉታል። ሦስተኛውን ጠበቅ ያደርጉታል። በፒፓ አጫሾች ዘንድ «መጀመሪያ በሕፃን እጅ፣ ቀጥሎ በሴት እጅ፣ መጨረሻ በወንድ እጅ» የሚባለው ይህ ነው። ከዚያ ሳይለኩሱ አንዴ ይስባሉ። አየሩ በቀላሉ ካላለፈ ሁሉን አራግፈው እንደገና ይጀምራሉ። ክብሪት ሲጭሩ እሳቱን ዙሪያውን ያዞሩታል። ትምባሆው ተነፍቶ ወደ ላይ ይነሳል። በትንሽ ብረት መልሰው ይጫኑትና ሁለተኛ ክብሪት ይጭራሉ። «ጋሼ፣ ለዚህ ሁሉ ድካም?» ብዬ ብጠይቃቸው «ልጄ፣ ድካሙ ነው እኮ ደስ የሚለው» አሉኝ።

ጀማሪ ፒፓው ሲጠፋበት ያልቻለበት ይመስለዋል። መጥፋቱ ግን የተለመደ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያጨሰም ደጋግሞ ይለኩሳል። በቀስታ የማጨስ ዓለም አቀፍ ውድድር ሳይቀር አለ። ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ 3 ግራም ትምባሆና 2 ክብሪት ይሰጠዋል። እሳቱን ሳያጠፋ ረጅም ሰዓት የቆየ ያሸንፋል። በዚያች ቁንጥር ትምባሆ ከ3 ሰዓት በላይ የቆዩ አሉ።

እዚህ ላይ ወደ አንስታይን ልመለስ። ሐኪሞቹ ማጨስ አቁም ካሉት በኋላም ያልተለኮሰ ፒፓ አፉ ላይ አድርጎ ይነክስ ነበር። እጅና አፍ የለመዱት ነገር የራሱ ጉልበት እንዳለው ከዚህ ይታያል።

ይህን መስህብ ልናቃልለው አይገባም። ቀኑን ሙሉ ሲሯሯጥ የዋለ ሰው ማንም የማይነካበት ግማሽ ሰዓት ቢፈልግ አይፈረድበትም። ችግሩ ያንን ግማሽ ሰዓት የሚከፍለው በምን እንደሆነ አለማወቁ ነው።

«የሀብታም ሱስ ነው»

የቆረቆንዳ ፒፓ ርካሽ ነው፤ ውዱ ስብስቡ ነው። ፒፓ ካጨሱበት በኋላ ሊደርቅ ይገባል፤ ስለዚህ አንድ የገዛ ሰው ሁለተኛና ሦስተኛ መግዛቱ አይቀርም።

«ጭሱ አይዋጥም፤ ስለዚህ አይጎዳም»

ይህ ስህተት አሮጌ ነው፤ መሠረትም ነበረው። በ1964 የአሜሪካ መንግሥት ዋና የጤና ሹም ስለ ማጨስ ያወጣው ታዋቂ ሪፖርት ሲጋራን ክፉኛ ኮነነ። ፒፓ አጫሾች ግን የሞት መጠናቸው ከማያጨሱት ብዙም እንደማይበልጥ ገለጸ። ሰው ይህን ይዞ ቀረ። ያው ሪፖርት ፒፓ የከንፈር ካንሰር እንደሚያመጣ መጻፉን ግን ብዙዎች ዘለሉት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ታውቋል። የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ተመራማሪዎች በ2004 ያሳተሙት ጥናት 138,307 ወንዶችን ተከታትሏል። ፒፓ ብቻ የሚያጨሱትን ትምባሆ ጭራሽ ካልነኩት ጋር አነጻጸረ። ፒፓ አጫሾቹ በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው 5 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በማንቁርት ካንሰር 13 እጥፍ ሆነ። በልብ ሕመም ደግሞ 30 በመቶ ገደማ ይበልጣል። እርግጥ ነው፣ በጠቅላላው አደጋው ከሲጋራ አጫሽ ያነሰ ነው። ግን መወዳደር ያለበት ከሲጋራ ጋር ነው ያለው ማነው?

ጭሱ ሳንባ ባይገባም ከንፈርን፣ ምላስንና ጉሮሮን ይነካል። ከምራቅ ጋር ተውጦ ወደ ጉሮሮ ቱቦ ይወርዳል። ኒኮቲኑም ቢሆን መንገድ አያጣም። የሲጋራ ጭስ አሲዳማ ስለሆነ ኒኮቲኑ በደንብ ወደ ደም የሚገባው ወደ ሳንባ ሲሳብ ነው። ብዙው የፒፓ ትምባሆ ጭስ ግን ከዚያ ተቃራኒ ባሕርይ አለው፤ ኒኮቲኑ በጉንጭ ቆዳ በኩል ያልፋል። «አልውጠውምና ሱስ አይዘኝም» የሚለው የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው።

«ውሃው ያጣራዋል»

ይህን ስለ ጋያም ስለ ሺሻም እሰማለሁ። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያስቀረውም። መቀዝቀዙ ራሱ ወጥመድ ነው፤ ጉሮሮ ስለማይቆጣ ሰው በጥልቀት ይስባል፣ ረጅም ሰዓትም ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስጠነቀቀው በአንድ የሺሻ ቁጭታ የሚሳበው የጭስ መጠን ከ100 ሲጋራ ጭስ ጋር ሊስተካከል ይችላል።

«ሲጋራ ለማቆም ወደ ፒፓ መሸጋገር ይሻላል»

ይህን የሚሞክሩ ሰዎች ያሳዝኑኛል፤ ሐሳባቸው ቅን ነውና። ሲጋራን ትተው ፒፓ የሚይዙ ግን ጭስ መዋጥ የለመዱ ናቸው። ልማዱን ይዘውት ይመጣሉ፤ የፒፓውንም ጭስ ወደ ሳንባቸው ይስቡታል። ስለዚህ ዕድሜ ልኩን ፒፓ ብቻ ያጨሰ ሰው አደጋ ያነሰ ነው የሚለው ሒሳብ ለእነሱ አይሠራም። ማቆም የፈለገ ሰው ሁለቱንም ቢተው ይሻለዋል። ለዚህ ደግሞ ኒኮቲኑን ቀስ በቀስ የሚያስቀንሱ መድኃኒቶች ስላሉ ሐኪሙን ያማክር።