የኤልቪስ ፕሬስሊ የመታሰቢያ ቴምብር

የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት የኤልቪስ ፕሬስሊን የ29 ሳንቲም የመታሰቢያ ቴምብር ያወጣው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 8 ቀን 1993፣ በድምፃዊው የልደት ዕለት፣ ሜምፊስ ከተማ በሚገኘው ግሬስላንድ መኖሪያ ቤቱ ነው። የታተመው ቁጥር 500 ሚሊዮን ሲሆን፣ በአገሪቱ እጅግ ተፈላጊ የሆነ የመታሰቢያ ቴምብር ሆኗል።

በጊዜው በነበረው ደንብ፣ ከፕሬዚዳንቶች በስተቀር፣ ከሞተ 10 ዓመት ያልሞላው ሰው በቴምብር ላይ አይወጣም ነበር። ኤልቪስ ያረፈው በኦገስት 1977 ስለሆነ ቀነ ገደቡ በ1987 ቢያበቃም፣ በመድኃኒት ሱስ የተበላሸ ሕይወት እንዲህ ያለ ክብር አይገባውም የሚሉ ወገኖች ነበሩ። ወጣቱ ኤልቪስ በወታደርነት ያገለገለባት ምዕራብ ጀርመን ግን በ1988 የእርሱን ቴምብር በማውጣት የትውልድ አገሩን ቀደመች።

ከባዱ ጥያቄ የትኛው ኤልቪስ ይሣል የሚለው ነበር። የአሜሪካን ቴምብር ጭብጥ መርጦ ለኃላፊው የሚያቀርበው በ1957 የተቋቋመው አማካሪ ኮሚቴ ሲሆን፣ ምክክሩም በዝግ የሚካሄድ ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን የፖስታ አገልግሎቱ ኃላፊ አንቶኒ ፍራንክ ውሳኔውን ለሕዝብ ሰጡ። በኤፕሪል 1992 በፖስታ ቤቶችና በፒፕል መጽሔት በኩል በተሠራጨው የድምፅ መስጫ ካርድ ላይ ሁለት ሥዕሎች ቀረቡ፤ አንደኛው ማርክ ስቱትዝማን የሣለው፣ ማይክሮፎን ፊት የሚዘፍነው የ1950ዎቹ ወጣት፣ ሁለተኛው ደግሞ ጆን በርኪ የሣለው፣ ነጭ የመድረክ ልብስ የለበሰው የኋለኛው ዘመን ኤልቪስ ነበር። ወጣቱ 851,200 ድምፅ ሲያገኝ ጎልማሳው 277,723 አገኘ። ሕዝቡ የመረጠው ከመድኃኒቱና ከውፍረቱ በፊት የነበረውን ሰው ነው ማለት ይቻላል፤ በአዲስ አበባም ዓለማየሁ እሸቴን «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» ያሰኘው ይኸው ወጣት እንጂ በላስ ቬጋስ መድረኮች የዘፈነው ጎልማሳ አልነበረም።

በንድፍ ረገድም ምርጫው ትክክል ነበር። ቴምብር ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ ወረቀት በመሆኑ የልብስ ጌጥና ዝርዝር ይጠፋበታል፤ የስቱትዝማን ሥራ ግን ፊቱን፣ ፀጉሩንና ማይክሮፎኑን ብቻ አጉልቶ ስለያዘ በሩቅ ይለያል። የመጀመሪያው እትም «ኤልቪስ» ከማለት በቀር የአባት ስም አልጨመረም፤ «ኤልቪስ ፕሬስሊ» ተብሎ የተጻፈው በዚያው ዓመት ከባዲ ሆሊ፣ ከኦቲስ ሬዲንግ፣ ከዳይና ዋሽንግተንና ከሌሎች ሙዚቀኞች ጋር በአንድ ረድፍ ዳግም ሲወጣ ነው።

ለፖስታ አገልግሎቱ ትልቁ ትርፍ ያልተለጠፈው ቴምብር ነበር፤ ገዝቶ የሚያስቀምጥ ሰው ዋጋውን ከፍሎ አገልግሎቱን አይጠይቅምና። ወደ 124 ሚሊዮን የሚጠጋው በዚህ መንገድ እንደተቀመጠ ይገመታል። የለጠፉትም ቢሆኑ አንዳንዶቹ ሆን ብለው የሌለ አድራሻ ይጽፉ ነበር፤ ደብዳቤው ኤልቪስ በ1962 የዘፈነውን ዘፈን ርዕስ፣ «ወደ ላኪው ይመለስ» የሚለውን ማኅተም ተመትቶ እንዲመለስላቸው።