ኢትዮጵያ ለኮሌራ ወረርሽኝ የምትዘጋጅበት መንገድ፦ ከጤና ኬላ እስከ ሕክምና ማዕከል

ኮሌራ በተበከለ ውሃና ምግብ የሚተላለፍ የባክቴሪያ በሽታ ነው። ምልክቱ ከ12 ሰዓት እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል። የሩዝ ውሃ የሚመስል ተቅማጥና ትውከት የጀመረው ጤነኛ ጎልማሳ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ሕክምና ካላገኙ በጽኑ ከታመሙት ግማሽ ያህሉ ይሞታሉ፤ በጊዜ ከታከሙ ግን ከ100 ሰው አንድ እንኳ አይሞትም። ልዩነቱን የሚያመጣው የጠፋውን የሚተካው ፈሳሽ ታማሚው ዘንድ የደረሰበት ሰዓት ነው። ስለዚህ የዝግጅት ትልቁ ክፍል ክረምት ሳይገባ በየወረዳው መጋዘንና በየቀበሌው ጤና ኬላ መጠናቀቅ አለበት።

ወረርሽኝን የመቃኘትና ምላሹን የማስተባበር ሥራ የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ከታች በኩል ሥራው የሚጀምረው በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው፤ በዚህ ፕሮግራም በገጠር ለ5,000 ያህል ሕዝብ አንድ ጤና ኬላና ሁለት ባለሙያዎች ተመድበዋል። ኮሌራ ወዲያውኑ ሪፖርት ከሚደረጉ በሽታዎች አንዱ በመሆኑ ጥርጣሬው ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ወረዳ በ30 ደቂቃ ውስጥ መተላለፍ አለበት። ማንኛውም ሰው በነፃ የስልክ መስመር 8335 ማሳወቅ ይችላል። ብዙ ጊዜ መዘግየት የሚመጣው ባለሙያው «ላብራቶሪ ያረጋግጥልኝ» ብሎ ሲጠብቅ ነው። ሕፃን ያልሆነ ሰው በአጣዳፊ ተቅማጥ ክፉኛ ፈሳሽ ካጣ ወይም ከሞተ፣ ያ ብቻውን ለጥቆማ በቂ ነው።

የሰገራ ናሙናው የሚወሰደው አንቲባዮቲክ ከመሰጠቱ በፊት ነው። ፈጣን መመርመሪያው በደቂቃዎች ውስጥ አመላካች ውጤት ይሰጣል፤ ማረጋገጫው ግን በላብራቶሪ ባክቴሪያውን አሳድጎ ማየት ነው። ካሪ ብሌር በተባለው ማጓጓዣ ውስጥ የገባ ናሙና በተራ ክፍል ሙቀት ይጓዛል። እንደ ክትባት በበረዶ ሳጥን አሽጎ መላክ የተለመደ ስህተት ሲሆን ባክቴሪያውን ያዳክመዋል። ወረርሽኙ አንዴ ከተረጋገጠ እያንዳንዱን ታማሚ መመርመር አያስፈልግም፤ ጊዜውም ጉልበቱም ለሕክምና ይዋል።

ከአምስት ታማሚዎች አራቱ በኦአርኤስ (በውሃ ተበጥብጦ በሚጠጣው የጨውና የስኳር ዱቄት) ብቻ ይድናሉ። አንዱ ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ለመለኪያ ጥሩ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ያልተጠጣው ይደፋል። መካከለኛ ፈሳሽ ያጣ 60 ኪሎ ሰው በ4 ሰዓት 4.5 ሊትር ያስፈልገዋል። ዓይኑ የጎደጎደ፣ የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ የማይመለስ፣ የልብ ምቱ በእጅ አንጓው ላይ የጠፋ ሰው ግን በደም ሥር ሪንገር ላክቴት የተባለው ጨው ያለበት ፈሳሽ ይሰጠዋል። መጠኑ በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር ነው። ለ50 ኪሎ ሰው 1.5 ሊትሩ በመጀመሪያው 30 ደቂቃ፣ ቀሪው 3.5 ሊትር በሁለት ሰዓት ተኩል ይገባል። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ያው በኪሎ የተሰላ መጠን በ6 ሰዓት ይዳረሳል። አንድ ጎልማሳ ብቻ በሦስት ሰዓት ባለ 500 ሚሊ ሊትር 10 ከረጢት ይጨርሳል ማለት ነው፤ 20 ከረጢት ይዞ «ዝግጁ ነኝ» የሚል ጤና ጣቢያ ለሁለት ሰው ብቻ ነው የተዘጋጀው። ባለ 5 በመቶው ግሉኮስ ጨው ስለሌለው ሪንገርን አይተካም። ሌላው ችግር ቀጭን ካኑላ (ፈሳሹ በደም ሥር የሚገባበት ቱቦ) ነው፦ ፈሳሹ ጠብ ጠብ ሲል ሰዓቱ ያልፋል። ታማሚው መጠጣት እንደቻለ ኦአርኤሱ ጎን ለጎን ይጀመራል፤ ወደ ጤና ጣቢያ በሚወሰድበት መንገድ ላይም መቋረጥ የለበትም።

የሕክምና ማዕከሉ በድንኳን ወይም በተዘጋ ትምህርት ቤት ይቋቋማል። መግቢያው አንድ፣ ጉዞው ወደ አንድ አቅጣጫ ይሆናል፤ ንጹሑና የተበከለው ክፍል በአጥር ይለያል። አልጋው መሃሉ የተቀደደ ሲሆን ከሥሩ ባልዲ ይቀመጣል። ውሃ ለአንድ ታማሚ በቀን 60 ሊትር ይታሰባል። ቦታው ከመመረጡ በፊት የውሃ ቦቴ ሊደርስበት መቻሉን ማየት ይገባል።

የክሎሪን ብጥብጥ ብዙ ስህተት የሚሠራበት ነው። 70 በመቶ ክሎሪን ባለው ዱቄት፣ በ20 ሊትር ጄሪካን ለእጅ መታጠቢያ 14 ግራም (0.05 በመቶ)፣ ለወለልና ለዕቃ 140 ግራም (0.5 በመቶ)፣ ለትውከት፣ ለሰገራና ለአስከሬን 570 ግራም ያህል (2 በመቶ) ይገባል። ዱቄቱ ወደ ውሃው ይጨመራል፤ በፕላስቲክ ዕቃ በየቀኑ ይበጠበጣል፤ ዝቃጩ እስኪወርድ ተጠብቆ ጥሩው ይቀዳል። ሦስቱ ዕቃዎች በግልጽ ካልተጻፈባቸው ይምታታሉ፤ እጁ በጠንካራው የተቃጠለ ሠራተኛም መታጠቡን ይተዋል። እርጥበት ያገኘው ዱቄት ደግሞ ሽታው እያለ ኃይሉን ያጣል።

በሰሜን ምዕራብ ቆላ ያሉ የሰሊጥ እርሻዎች፣ ብዙ ሕዝብ የሚያድርባቸው ጸበሎችና የተፈናቃይ መጠለያዎች የተለየ ዕቅድ ይሻሉ፤ መጸዳጃው ጥቂት፣ ሰዉ ብዙ ነው፤ የታመመውም ወደ አገሩ ሲመለስ በሽታውን ይዞ ይሄዳል። በእነዚህ ቦታዎች የኦአርኤስ መስጫ ጣቢያ ሰዉ ከመድረሱ በፊት መቆም አለበት። ለቅሶ ቤትም ሌላው መዛመቻ ነው፤ አስከሬን ያጠበ ሰው ምግብ እንዳያቀርብ ከእድር ዳኞችና ከሃይማኖት አባቶች ጋር አስቀድሞ መነጋገር ጥቅሙ ከፍተኛ ነው።

በአፍ የሚሰጠው ክትባት ሁለት ዙር ቢሆንም፣ በዓለም ላይ በደረሰ እጥረት ከጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለወረርሽኝ ምላሽ በአንድ ዙር እንዲሰጥ ተወስኗል። ጊዜ ይገዛል እንጂ ውሃን አይተካም። የቧንቧ ወይም የቦቴ ውሃ ሲቀዳ ቢያንስ 0.5 ሚሊ ግራም በሊትር፣ ቤት ውስጥ በጄሪካን ደግሞ ቢያንስ 0.2 ነፃ ክሎሪን ሊገኝበት ይገባል። ከዚያ ካነሰ እንደ ውሃ አጋር ያለ፣ ቤት ውስጥ ውሃ ላይ የሚጨመር ክሎሪን ይታደላል፤ አጠቃቀሙን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በዚያው ቤት ጄሪካን ላይ ሠርታ ታሳያለች፤ በማግስቱም ተመልሳ ትለካለች።