«ኮረንቲ በራስ ላይ?» ስለ ማይግሬን የኤሌክትሪክ ሕክምና የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ላይ ራሱን ያመመው ሰው ምክር አይቸግረውም። አንዷ ዳማከሴ ትጨምቃለች፣ ሌላዋ በሻሽ ጠፍራ ታስራለች፣ አቦሉም ይወርዳል። ሰሞኑን ግን አንዲት ጎረቤታችን፣ ውጭ አገር ያለች ልጇ ግንባሯ ላይ መሣሪያ እየለጠፈች ማይግሬኗን እንደምታክም ስትነግረን የቡናው ወሬ ሌላ ሆነ።

«ኮረንቲ በራስ ላይ? ሊገድሏት ነው!» አሉ እማማ። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው፤ ይኼ ግን በባትሪ የሚሠራ፣ በሚሊአምፔር የሚለካ ደካማ ንዝረት ነው። ከቅንድብ በላይ የሚያልፈውን፣ የፊትን ስሜት ወደ አንጎል የሚያደርስ የነርቭ ቅርንጫፍ ይነካካል። የማይግሬንን ሕመም ወደ አንጎል የሚያደርሰው ነርቭ ከዚያው ወገን ነው። ተጠቃሚው የሚሰማው ጉንዳን እንደሚወር ያለ ስሜት ነው።

«የአእምሮ ሕሙማን የሚነዘሩበት ነው።» አይደለም። ያኛው በማደንዘዣ ተኝተው፣ ሆን ተብሎ አንጎልን የሚያንቀጠቅጥ ሕክምና ነው። ይኼኛውን ሰው ቤቱ ተቀምጦ ያደርገዋል።

«የዘመኑ ፈሊጥ ነው።» ሮማዊው ሐኪም ስክሪቦኒየስ ላርገስ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ራስ ለሚያመው ሰው ኤሌክትሪክ የሚረጭ ዓሣ ግንባሩ ላይ ያስቀምጥ ነበር! ሴፋሊ የተባለው የግንባር መሣሪያ በአሜሪካ የተፈቀደው በ2014 ነው (ዘመኑ እንደ ፈረንጆቹ ነው)።

«አንዴ ከለጠፉት ማይግሬን ደህና ሰንብት።» እዚህ ላይ ነው የምጠነቀቀው። በ2013 ቤልጅግ ውስጥ በ67 ሰዎች ላይ በወጣ ጥናት፣ ይህንኑ የግንባር መሣሪያ በየቀኑ 20 ደቂቃ ለ3 ወር ከተጠቀሙት ውስጥ የሕመም ቀናቸው በግማሽና ከዚያ በላይ የቀነሰው 38 በመቶ ያህሉ ናቸው። የይስሙላ መሣሪያ የተሰጣቸው ደግሞ 12 በመቶ። ጥቅሙ እውነት ነው፤ ግን ለብዙው ሰው አልሆነለትም። ጥናቱም ትንሽ ነው።

«ለጀርባ ሕመም የሚሸጠው ነዛሪ መሣሪያም ያው ነው።» ኧረ ተዉ! የእሱ ንዝረት ለግንባር የተለካ አይደለም፤ ግንባር ላይ አይደረግም። የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተተከለለት ሰውማ የግንባሩንም ቢሆን አይንካ።

«ክኒኑ ይበቃል።» ተራ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት ከተወሰደ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ድንገት እንደ መብረቅ የመታ፣ ወይም ትኩሳትና የአንገት መገተር ያለበት ራስ ምታት ግን ክኒንም መሣሪያም አይጠብቅም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

በረካው ላይ፣ ክንድ ላይ ለ45 ደቂቃ የሚታሰርም እንዳለ ስነግራቸው እማማ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ክንድ ከሆነማ» አሉ፣ «መጀመሪያ እንዲህ አትለኝም ነበር?»